ባዶ ፎቅ፣ ሙሉ ባልባላ

«ጅቡቲ ውስጥ ቢሮው ባዶውን ቆሟል፤ የዳር ሰፈሩ ባልባላ በሰው ተጨናንቋል። ቢሮውን መኖሪያ ብታደርጉት ነገሩ አለቀ!» አለ ኤክስፐርቱ።

«አለቀ ስትል ደነገጥኩ» አሉት ቡና ሻጯ እትዬ፣ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሱ። «እዚህ አገር አለቀ የሚባለው ውሃና የስልክ ካርድ ነው።»

ያለነው ካርቲዬ ዱ ነው፤ ሰዓቱም ጫት ከገባ በኋላ። በዚህ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ የማይፈታ የዓለም ችግር የለም፤ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ነው ችግሩ ሁሉ ወደ ቦታው የሚመለሰው። ኤክስፐርቱ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣ የከተማ ፕላን ምሁር ነው። በአጀንዳው ወረቀት ያራግባል፤ እስካሁን ከአጀንዳው የተገኘው ጥቅም ይኸው ነው። አጠገቡ ፒኬ 12 ላይ መኪናውን አቁሞ ጭነት የሚጠብቅ የተሳቢ ሾፌር አለ። ከሱ ወዲያ ደላላው፤ ሁለት ስልክና አንድ ወንበር ያለው ድርጅት ነው፣ ወንበሩም የእትዬ ነው። ጥግ ላይ ሐጂ ተቀምጠዋል። የጅቡቲ ሰው ናቸው፤ ድሬዳዋ ስለተማሩ በአማርኛ የሚቀድማቸው የለም። እኔ ቡናውን በዱቤ የምጠጣ ጸሐፊ ስለሆንኩ እትዬ የተናገሩትን ሁሉ ትክክል ነው ብዬ እነሳለሁ።

ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሰባት ስምንት ዓመቱን ልዩነት ደላላው በኮሚሽን ወስዶታል።

«እሺ ሐጂ» አለ ኤክስፐርቱ፣ «ፎቅ ባዶውን ከሚቆም በቅናሽ ማከራየት አይሻልም?»

«ልጄ፣ ባዶ ቢሮ ቁርስ አምጡልኝ አይልም።»

«ገቢም አያመጣም እኮ።»

«ተስፋ ያመጣል። ባለፎቁ ብድር የወሰደው ካሬ ሜትሩ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ አስገምቶ ነው። ዛሬ ዝቅ አድርጎ ቢያከራይ ባንኩ ነገ 'ለካ ፎቅህ እንዲህ ርካሽ ኖሯል' ይለዋል። ባዶ ቢያቆመው ግን ዋጋው በወረቀት ላይ እንደተከበረ ይኖራል።»

ኤክስፐርቱ ይህን በማስታወሻው ጻፈ። ስብሰባው ላይ ያልነገሩትን ሐጂ በአንድ ሲኒ ቡና ነገሩት። ሰዎች ባዶ ፎቅ ሲያዩ ባለቤት የሌለው ይመስላቸዋል። ባዶ ፎቅ ባለቤት አለው፣ አበዳሪ አለው፣ ትዕግሥትም አለው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ ተቸንክሮ ንቅንቅ ስለማይል፣ ባለፎቁ የነገውን ኪራይ ዛሬ በዶላር አስልቶ ሊቀመጥ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው አቻው እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ እሱ ባዶ ሲያቆም ቢያንስ ላብ ላብ ይለዋል።

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«ወታደር» አለ ደላላው ከስልኩ ቀና ሳይል።

እውነቱን ነው። ፈረንሳይ ከነፃነት በፊት ጀምሮ አልወጣችም፤ አሜሪካ ካምፕ ለሞንዬን ከያዘች ከ2002 ወዲህ አለች፤ ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013፣ ቻይና በ2017 የጦር ሰፈራቸውን ከፍተዋል። ወታደሩ ካምፕ ውስጥ ቢተኛም ኮንትራክተሩ፣ አማካሪው፣ ዲፕሎማቱና አቅራቢው ቤትና ቢሮ ይፈልጋል፤ የሚከፍለውም በዶላር ነው።

«በ2014 የካምፕ ለሞንዬ ውል ሲታደስ የዓመቱ ኪራይ 63 ሚሊዮን ዶላር ገባ» አልኩ እኔም የማውቃት አንዲት ቁጥር ስለነበረችኝ።

«ይኸውልህ!» አለ ደላላው። «ኦባማ ላይ ኪራይ የጨመረ አገር ላንተ ይራራልሃል?»

ሾፌሩ ዝም ብሎ ቆይቶ ነበር። «እኔ ግን የማይገባኝ» አለ፣ «ውሃው ከሀዳጋላ ይመጣል፣ የኛ። መብራቱ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይመጣል፣ የኛ። ጫቱ የኛ። ጫኙም እኔ። ጅቡቲ የራሷ ምን አላት?»

«ባሕር» አሉ ሐጂ።

ሾፌሩ የቡናውን አተላ አየ፤ ቀጥሎም ሁለተኛ አዘዘ። እንዲህ ያለውን መልስ ለመመለስ ቢያንስ አንድ ወደብ ያስፈልጋል።

ኤክስፐርቱ ተስፋ አልቆረጠም። «በዓለም እየተሠራበት ነው እኮ! ለንደንም፣ ኒው ዮርክም፣ ሳኦ ፓውሎም ቢሮ ወደ ቤት እየተቀየረ ነው። እኛ ጋ ማንም አላሰበበትም።»

«እኛ ጋ ተሠርቶበታል፤ በተገላቢጦሽ» አልኩት። «በ1975 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ስንቱ ሳሎን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ቀረ? መኝታ ቤቱ ማኅተም ክፍል፣ ማድ ቤቱ መዝገብ ቤት። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ ዕጣ የወጣለት ለድርጅት አከራይቶት ራሱ ሌላ ቦታ ተከራየ። አገራችን ቤትን ቢሮ በማድረግ የሚተካከላት የለም።»

«እዚህስ?» አለ ሾፌሩ።

«እዚህማ ኤሮንና ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሂድ» አለ ደላላው። «ድሮ ቤተሰብ የኖረበት ቪላ በር ላይ ዛሬ ባንዲራ ወይም የድርጅት ታፔላ ነው ያለው። ቤት ቢሮ ሲሆን ፈቃድ በሩጫ ይመጣል። ቢሮ ቤት ሲሆን ግን...»

«ሲሆን ምን?»

«ና ላሳይህ።»

ያሳየው ለኔ ነው፤ ኤክስፐርቱ ስብሰባ ነበረበት። የሕንጻውን ስም አልጠራም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ትልቅ ቢሮ በኮምፖርሳቶ አምስት ቦታ ተከፍሏል። የኤሲው ቀዳዳ የደረሰው ለአንደኛው ክፍል ብቻ ነው፤ የዚያ ክፍል ኪራይ ይበልጣል። መስኮት የደረሰው ለሁለቱ ነው። ቀሪዎቹ ብርሃን የሚያገኙት ኮምፖርሳቶው ኮርኒሱ ጋ ሳይደርስ ስለቆመ ነው፤ በዚያው ክፍተት የጎረቤት ማንኮራፋትና ሽንኩርት ይገባል። ግድግዳው ላይ ድሮ ለኮምፒውተር የተተከሉ ሶኬቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ ቬንቲላተር፣ አንዱ ላይ ምድጃ፣ አንዱ ላይ በቴፕ የተጠገነ ማከፋፈያ ተሰክቷል። ፍራሾቹ ሌት ተቀን አይቀዘቅዙም፤ የሌሊት ዘበኛው ሲገባ የቀን ሠራተኛው ይወጣል። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ነው። ዋናው በር ላይ በፈረንሳይኛ «የሒሳብ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ቀርቷል።

«ሒሳቡን የሚሠራው ማነው?» አልኩት።

«ባለቤቱ። በየወሩ መጀመሪያ።»

ተመልሰን ያየሁትን ስናገር ከስብሰባው የመጣው ኤክስፐርት ደስ አለው። «አያችሁ! ፍላጎቱ አለ ማለት ነው!»

«ፍላጎትማ ድልድይ ሥርም አለ» አሉት እትዬ።

እዚህ ላይ ምሁሩ ማሳያውን አወጣ። ካራካስ፣ ቬኔዝዌላ፦ ለባንክ ተብሎ የተጀመረ 45 ፎቅ፤ ግንባታው በ1994 ቆመ፤ በ2007 ቤት ያጡ ሰዎች ገቡበት፤ እስከ 2014 ኖሩበት። ሊፍት የለውም። ውሃውን ራሳቸው አወጡ፣ መብራቱን ራሳቸው ዘረጉ፣ ሱቅና ፀጉር ቤት ከፈቱ። ከመኪና ማቆሚያው ጋር በተያያዘው መወጣጫ ሞተር ሳይክል ሰው ጭኖ እስከ አሥረኛው ፎቅ ይወጣ ነበር።

«ተሳቢስ?» አለ ሾፌሩ።

«ምን ተሳቢ?»

«ከነመኪናዬ ከወጣሁማ ቤትም አያስፈልገኝ፤ ካቢኑ ውስጥ እተኛለሁ። አሁንም የምተኛው እዚያው ነው። ልዩነቱ ከፍታው ብቻ ነው።»

«እንግሊዞችስ?» አልኩ። «በ2013 ቢሮን ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ መኖሪያ ማድረግ ይቻላል ብለው ፈቀዱ። በ2020 ራሱ መንግሥት ያስጠናው ጥናት ሲወጣ፣ በዚያ መንገድ ከተሠሩት መኖሪያዎች የአገሪቱን የስፋት መለኪያ ያሟሉት 22.1 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። አንዳንዱ ክፍል መስኮትም አልነበረው።»

«ለንደን ውስጥ መስኮት ምን ያደርጋል?» አሉ ሐጂ። «ዝናብ ለማየት ነው? እዚህ ግን ካምሲን ሲነፍስ መስኮት ከሐኪም ይበልጣል።»

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ዋናው ነጥብ የገባው። አዲሱ የመስታወት ፎቅ የተሠራው ኤሲ አይጠፋም ተብሎ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ውጭው ከ40 ዲግሪ ይዘላል። መስታወቱ ሙቀት ያስገባል፣ አያስወጣም፤ ቢሮ ከሆነ ሠራተኛው ቀትር ላይ ቤቱ ይሄዳል፣ ቤት ከሆነስ ወዴት ይሄዳል? የጅቡቲ መብራት ደግሞ ርካሽ አይደለም፤ ድሃ ተከራይ ኪራዩን ቢችል የኤሲውን ቢል አይችልም።

«ኤሲው ሲጠፋ የመስታወት ፎቅ ምጣድ ነው» አለ ደላላው፣ ለአንድ ጊዜ ከኮሚሽኑ በላይ ለእውነት ቆሞ።

«ምጣድ እንኳ አክንባሎው ይነሳል» አሉ እትዬ። «የነሱ መስኮት መች ይከፈታል?»

ቧንቧውም ሌላ ጣጣ ነው። ቢሮ ሲሠራ ሽንት ቤት በየፎቁ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ያንን ፎቅ ስምንት ቤት አደርጋለሁ ያለ ሰው ስምንት ማድ ቤትና ስምንት መታጠቢያ በወለሉ ሥር ሊዘረጋ ነው፤ ወለሉን መብሳት፣ ቧንቧውን አዘንብሎ ማውረድ፣ ኮርኒሱን ዝቅ ማድረግ ይመጣል። በዚያ ላይ ቢሮ ወደ ውስጥ ጥልቅ ነው። የቀን ብርሃን ከመስኮት ወዲህ ስድስት ሰባት ሜትር ከገባ በኋላ ይደክማል፤ መሐሉ ለፋይል እንጂ ለሕፃን አይሆንም። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ቤቱ «ለዝቅተኛ ገቢ» ይሁን ከተባለ ልዩነቱን የሚከፍል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እስኪገኝ ፕሮጀክቱ ፓወር ፖይንት ላይ ይኖራል፤ እዚያ ኪራይ የለም።

«እኔን ጠይቀኝ» አሉት እትዬ ኤክስፐርቱን። «ባልባላ ነው የምኖር። ፎቅ ላይ ውጪ ብትለኝ ከሰሌን የት አነድዳለሁ? ቡናዬን የት እቆላለሁ? ደንበኛ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለአንድ ሲኒ ይወጣል?»

«በዱቤ ከሆነ ይወጣል» አልኩ።

«አንተማ ሰማይም ቢሆን ትወጣለህ። ፍየሎቹስ?»

«በሊፍት» አለ ሾፌሩ።

ከሳቁ በኋላ ሐጂ ስለ ባልባላ ጀመሩ፤ እሳቸው ሲጀምሩ ደላላውም ስልኩን ይገለብጣል። ደ ጎል በነሐሴ 1966 ጅቡቲ ሲመጡ ነፃነት የሚል ሰልፍ ጠበቃቸው፤ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲያ ፈረንሳይ ከተማይቱን ዙሪያዋን በእሾሃማ ሽቦ አጠረቻት። ወረቀት ያለው ገባ፤ ወረቀት የሌለው ሽቦው ጥግ ቀረ። የቀረው ሰው ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በቆርቆሮ፣ በጣውላ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ቤት ሠራ። ሽቦው ከተነሳ ቆየ፤ ባልባላ ግን አለ፣ ራሱን የቻለ ከተማ ሆኗል።

«እና ባልባላ የተፈጠረው ቤት ስለጠፋ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ወረቀት ስለጠፋ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው የያዘው ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነው። ጊዜያዊ እንደተባለ ልጅ ወልዶበታል፣ ልጁም ወልዶበታል።»

«መንግሥት እየሠራ ነው አይደል?» አለ ኤክስፐርቱ። «ዜሮ ቢዶንቪል የሚባል ፕሮግራም በ2018 ተጀምሯል። የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ገንዘብ ፈቅዷል። አሩሎስ የሚባለው መሥሪያ ቤት የማኅበራዊ ቤቶቹንም የሰፈር ማሻሻሉንም ይዟል።»

«ይዟል፤ ይያዝ» አሉ እትዬ። «መንገድ ሲከፍቱ፣ ውሃ ሲያስገቡ፣ መብራት ሲተክሉ እናያለን። እሱን ቶሎ ቶሎ ይበሉት። እኔ ፎቅ አልጠየቅኩም፤ በበሬ ላይ የሚያልፍ ቦይ ነው የጠየቅኩት። አምቡሊ በ2004 ሲሞላ ስንት ሰው እንደበላ ረሳችሁት?»

ማንም አልረሳውም። በኅዳር 2019 እንደገና ከተማዋ ውሃ ውስጥ ገብታለች።

ኤክስፐርቱ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ማስታወሻውን አገላብጦ አንድ ቁም ነገር አመጣ። «የድሮው ወደብ ሥራው ወደ ዶራሌ ሄዷል፤ ሁለገቡ ወደብ በ2017 ተከፍቷል። የድሮውን ቦታ ከቻይና ሜርቻንትስ ጋር ሆነው የንግድ ማዕከል ሊያደርጉት አቅደዋል፤ ሼንዘን ውስጥ ሼኮው ላይ እንደሠሩት።»

«የንግድ ማዕከል ማለት?»

«ቢሮ፣ ሆቴል፣ ሱቅ...»

«ቅድም ቢሮው ሰው አጣ ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉት እትዬ። «ሌላ ሊጨምሩበት ነው? እስቲ መርከቦቹ ከሄዱበት ቦታ ላይ ለወደብ ሠራተኛው ሁለት መደዳ ቤት ይጨምሩበት። አርሂባ ሰፈር ለአፋር ወዛደሮች ሲሠራ ፈረንሳይ እንኳ አስባበታለች።»

ይህን እኔም ባለሥልጣን ብሆን እፈርምበት ነበር። ወረቀት ላይ ያለን ቢሮ ቤት ማድረግ ከሁሉም ይረክሳል፤ የሚፈርስ ግድግዳ የለም።

ሾፌሩ የባቡሩን ጣቢያ አነሳ፤ ባቡር ከሱ ሥራ ጋር የቆየ ጠብ አላት። የድሮዋ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ የገባችው ናት፤ አዲሷ በ2017 ነጋድ ላይ ጣቢያዋን ከፍታ የድሮውን ፕላቶ ላይ ትታው ሄዳለች። «እሱን ቤት አድርጉት» አለ።

«ተሳፋሪ ነኝ ብሎ የገባ ሁሉ አልወጣም ይላል» አለ ደላላው።

«ጥሩ! ባቡሯም ሁለተኛ አትመለስ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ቀልድ ልጻፈው፤ እዚያም የቀለደ አልነበረም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ኡሲንዲሶ የሚባል ሕንጻ አለ። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከተማ ለመግባት የይለፍ ወረቀት የሚሰለፉበት ቢሮ ነበር። ሥርዓቱ ሲያልፍ ቢሮው ቀረ። በኋላ የሴቶች መጠለያ ሆነ፤ ከዚያም ከተማው የራሱን ንብረት ተወው፤ ቤት ያጣ ሰው ገባበት፣ በመጋረጃና በጣውላ ከፋፈለው፣ ኪራይ ሰብሳቢም አልጠፋም። ነሐሴ 31 ቀን 2023 ሌሊት እሳት ተነሳ፤ 76 ሰው ሞተ። መውጫዎቹ ተቆልፈው ነበር። አጣሪው ኮሚሽን በ2024 ጥፋቱን የጣለው በከተማው አስተዳደር ላይ ነው። ሳኦ ፓውሎም የቀድሞው የፌዴራል ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ 24 ፎቅ፣ ቤት ያጡ ሰዎች ሲኖሩበት ግንቦት 1 ቀን 2018 ተቃጥሎ ተደርምሷል።

እትዬ ከሰሉን በመቆስቆሻ ገለጥ አደረጉት። «ያ የሒሳብ ክፍል» አሉኝ፣ «ስንት ደረጃ አለው?»

«አንድ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» አሉ ሐጂም እትዬም፤ በሁለት ሃይማኖት በአንድ አፍ።

ታዲያ ነገሩ ጭራሹን አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ የሚሆነው ኤክስፐርቱ ባላሰበው ሕንጻ ነው። በመንግሥት ስሙ የሰኔ 27 አደባባይ፣ በሰው አፍ ግን እስካሁን ምኒልክ አደባባይ የሚባለውን ይዛችሁ ዙሩ። ኤሲ ሳይኖር የተሠሩ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻዎች አሉ። ከባሕር ኮራል ድንጋይ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ጥላ የሚሰጥ ቅስት በረንዳ፣ ንፋስ የሚያሳልፍ ባለ ክፍክፍ የእንጨት መስኮት አላቸው። ጠባብ ስለሆኑ ብርሃኑ ከፊትም ከኋላም ይገባል። ሲሠሩም ታች ሱቅ፣ ላይ ቤተሰብ ተብለው ነው። እነዚህን ለማደስ የሚያስፈልገው ቧንቧ፣ ጣሪያና ኖራ ነው፤ ተአምር አይጠይቅም።

«የወራሾቹን ፊርማ ረሳኸው» አሉኝ ሐጂ። «አንዱ ፓሪስ ነው፣ አንዱ ኤደን ነው፣ አንዱ ሞቷል፤ የሞተው ከሁሉም ይበልጥ ይከራከራል።»

«ኢትዮጵያ ጎዳና ያለውስ?» አለ ደላላው፣ የቡና ቤቶቹን መንገድ። «ታች ባር፣ ላይ ሕፃን?»

«ሕፃኑ ዘፈን ይችላል፤ ፊደሉን በኋላ ይደርስበታል» አለ ሾፌሩ።

ኤክስፐርቱ ላፕቶፑን ዘጋ። አውሮፕላኑ ደርሶ ነበር፤ እትዬ የቡናውን ሒሳብ ነገሩት፣ ከፈለም። የኔንም አብሮ ከፍሏል፤ ስለዚህ ፍርዴ ትንሽ ለዘብ ቢል አትፍረዱብኝ። የመስታወቱን ፎቅ ለባንኩና ለኤሲው ተዉለት። የድሮውን ከተማ ላይኛ ፎቆች መንግሥት ከወራሾቹ ተደራድሮ በረጅም ውል ይያዛቸው፣ ያድሳቸው፣ በፍራንክ ያከራያቸው። ዋናው ገንዘብ ግን ባልባላ ላይ ይፍሰስ፤ በወረቀት፣ በውሃ፣ በቦይ። በኮምፖርሳቶ የተከፋፈሉትን ቢሮዎች ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ተከራዮቹን ለመበተን ሳይሆን ባለቤቱን ለማስገደድ ይግባባቸው፤ ሁለተኛ መውጫ ያውጣ፣ መብራቱን በባለሙያ ያስዘርጋ።

እስከዚያው አንተም አንቺም፣ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ፣ ቢሮ የነበረ ክፍል በርካሽ አገኘሁ ስትሉ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት መስኮቱን ገፋ አድርጋችሁ እዩት፤ ከዚያ ደላላውን ሁለተኛውን ደረጃ አሳየኝ በሉት። ካላሳያችሁ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ አትከራዩት።